ከሃምሳ በኋላ ቀስት ማንሣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኤልክ ከአጋዘን ወገን የሆነ የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳ ነው። ወንዴው 320 ኪሎ ገደማ፣ ሴቴዋ 225 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በብዛት የሚገኘው ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ በዴንቨርና በአውሮራ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱ ኤልክን በቀስት ስለማደን የሚጠይቁ ናቸው። ጸሐፊዎቹ ሁሉም ከ45 ዓመት በላይ ስለሆኑ መልሱንም ለዚያ ዕድሜ ለክተን ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፣ የምኖረው አውሮራ። ለረጅም ዓመታት መኪና ስነዳ ቀኝ ትከሻዬን ያመኛል። ቀስት ይዤ አላውቅም። አንድ ሱቅ ገብቼ 70 ፓውንድ የሚሳብ ቀስት አሳዩኝና «ለኤልክ ከዚህ በታች አይሆንም» አሉኝ። መሳቡ ራሱ አቃተኝ። ተስፋ ልቁረጥ? ካልሆነስ ለመጪው ሴፕቴምበር እደርሳለሁ?

መልስ፦ የተነገረዎት ስሕተት ነው። የኮሎራዶ ሕግ ለኤልክ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመሳቢያ ክብደት 35 ፓውንድ ነው። በእኛ ሚዛን 50 ፓውንድ የሚሳብ ኮምፓውንድ (መዘውር ያለው) ቀስት፣ ከ425 እስከ 475 ግሬይን (15ቱ አንድ ግራም ገደማ ነው) የሚመዝን ፍላጻና የተሳለ ምላጭ ካለዎት፣ በቅርብ ርቀት የኤልክን ሁለቱንም ሳንባ አልፎ ይወጣል። በዚህ ዕድሜ ጀማሪዎችን ከሜዳ የሚያስወጣቸው የቀስቱ ማነስ ሳይሆን መክበዱ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ቀስት የትከሻ መገጣጠሚያን አቅፈው የሚይዙትን ጅማቶች ያቆስላል። ያ ቁስል ደግሞ በወራት እንጂ በሳምንታት አይድንም። ትከሻዎ አስቀድሞ የሚያምዎት ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳዩት፣ ቀስቱን ከዚያ በኋላ ይግዙ።

ክብደቱ ይስማማዎት እንደሆነ በሱቁ ውስጥ መፈተን ይችላሉ። ወለል ላይ ቁጭ ብለው እግርዎን ይዘርጉ፣ ቀስቱን ወደ ዒላማው ቀጥ አድርገው ይያዙና ወደ ኋላ ይሳቡ። ለመሳብ ሲሉ ቀስቱን ወደ ሰማይ ማንሣት ካስፈለገዎት ወይም እግርዎን ካንፈራገጡ፣ ከብዶዎታል። ሙሉ በሙሉ ከሳቡ በኋላ 30 ሰከንድ ሳይንቀጠቀጡ መቆየት አለብዎት፤ ኤልክ ከዛፍ ጀርባ ቆሞ ሲያመነታ ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅዎት ይችላል። መዘውር ያለው ቀስት ሲሳብ የክብደቱ 80 በመቶ ያህል ይቀልልዎታል። 50 ፓውንዱን ስበው ከጨረሱ በኋላ እጅዎ የሚይዘው 10 ፓውንድ ብቻ ነው፤ የሚከብደው አሳሳቡ እንጂ አያያዙ አይደለም።

ስለዚህ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ የሚስተካከል ቀስት ይግዙ፣ በ40ው ይጀምሩ። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን ከ30 ፍላጻ አይለፉ። በየሦስት ሳምንቱ በቀስቱ ክንፎች ሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች እኩል ያጥብቁ፤ አንድ ሙሉ ዙር ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ይጨምራል። አንዱን አጥብቀው ሌላውን ከተዉት ቀስቱ ሚዛኑን ይስታል። ትከሻዎ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከተሰማዎት በዚያኑ ቀን ያቁሙ። ፍላጻ ሳይደግኑ ቀስቱን ስበው በፍጹም አይልቀቁ። ኃይሉ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ራሱ ወደ ቀስቱ ይመለሳል፤ መዘውሩ ይጣመማል፣ ክንፉ ይሰነጠቃል፣ ገመዱም ሊበጠስ ይችላል።

ሁለተኛው ልክ የመሳቢያው ርዝመት ነው። ክንዶችዎን ዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን በኢንች ይለኩና ለ2.5 ያካፍሉ። 69 ኢንች ከሆነ 27.5 ገደማ ይመጣል። ግማሽ ኢንች ከረዘመ ገመዱ ክንድዎን ይገርፋል፣ ፊትዎ ላይ የሚያርፍበት ቦታም በየጊዜው ይለዋወጣል። ከተጠራጠሩ አጭሩን ይምረጡ።

ደብዳቤዎ ስለ ዓይን አላነሣም፤ ከትከሻ ቀጥሎ በዚህ ዕድሜ የሚያስቸግረው ግን እሱ ነው። ቀስት ሲሳብ ፊት ወደ ጎን ይዞራል። ከላይ ለሩቅ ከታች ለንባብ የሚያገለግል መነጽር ካደረጉ፣ የሚያዩት በአፍንጫዎ በኩል ባለው ጠርዝ ስለሆነ ዒላማው ይደበዝዛል። ለሩቅ ብቻ የሚሆን መነጽር ያሠሩ። ገመዱ ላይ የሚገባውን ፒፕ የሚባለውን ማያ ቀዳዳ በሩብ ኢንች ያስቀይሩት፤ ጠባቡ ንጋትና ምሽት ላይ ጨለማ ይሆንብዎታል። አምስት ፒን (የማነጣጠሪያ ነጥብ) ከተደረደረበት ማነጣጠሪያ ይልቅ አንድ ፒን ያለው ይሻልዎታል። ፒኑ ቢደበዝዝ አይጨነቁ፣ ጥርት ብሎ መታየት ያለበት ዒላማው ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በጥር ወይም በየካቲት የጀመረ ሰው ለሴፕቴምበር ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹን 6 ሳምንታት ከ5 ሜትር ሳይርቁ፣ ያለ ዒላማ፣ ሰፊ መከላከያ ላይ ብቻ ይልቀቁ፤ እጅዎ የሚማረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ 20 ያርድ፣ በጁን ወደ 30 ይለፉ። ሌክውድ ከተማ የሚያስተዳድረው የቤር ክሪክ ሌክ ፓርክ የቀስት መለማመጃ አለው። በኦገስት ብሮድሄድ የሚባለውን ባለ ምላጭ ጫፍ ገጥመው ይሞክሩ፤ ከመለማመጃው ጫፍ የተለየ ቦታ ከመታ ፍላጻው ለቀስትዎ ኃይል ከመጠን በላይ ተጣጣፊ ሆኖ ወይም ቀስቱ ሳይስተካከል ቀርቶ ነው፣ ወደ ሱቁ ይመለሱ። በሕጉ ምላጩ ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋትና ሁለት የብረት ስለት ሊኖረው ይገባል። ለ50 ፓውንድ ቀስት ሲመታ የሚከፈተውን ዓይነት አይግዙ፣ ለመክፈቻ ኃይል ያባክናል። የማይንቀሳቀሰው ይሻላል። የተለማመዱበትን ምላጭ ለአደን አያውሉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን ዕድሜዬ 57 ነው። ወንድሜ ዴንቨር አለ፤ «ና፣ ላይሰንሱ ከመደብር ይገዛል» ይለኛል። እውነት ነው? ከፍታውስ ያስቸግረኛል? አዲስ አበባ ነው ያደግሁት።

መልስ፦ ለወንድምዎ እውነት ነው፣ ለእርስዎ ግን ቀርቷል። ከ2025 ጀምሮ ከአይ-25 አውራ ጎዳና በስተ ምዕራብ ባለው አካባቢ የቀስት ኤልክ ፈቃድ ያለ ዕጣ የሚሸጠው ለኮሎራዶ ነዋሪ ብቻ ነው። ነዋሪ ለመባል ፈቃዱን ከመግዛት በፊት 6 ተከታታይ ወር እዚያ መኖር ያስፈልጋል። እርስዎ ዕጣ ውስጥ መግባት አለብዎት። ማመልከቻው በማርች ይከፈታል፣ የሚዘጋውም በኤፕሪል የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው። ለማመልከት አስቀድሞ የሚገዛ ሌላ መሠረታዊ ላይሰንስ ስላለ በመጨረሻው ሌሊት አይጀምሩ። የውጭ አመልካች የሚከፍለው ከነዋሪው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኞች ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። የሌላ ክፍለ ግዛት ወረቀትም ተቀባይነት አለው። ኮሎራዶ 50 ዓመት ለሞላው የአሜሪካ ነዋሪ ትምህርቱን ሳይወስድ ፈተናውን ብቻ የሚወስድበት መንገድ ከፍታለች። በቀስት ወቅት በመስቀለኛ ቀስት (ክሮስቦው) ማደን አይቻልም፤ የአካል ጉዳት ላለበት ግን በፈቃድ ይፈቀዳል።

ወቅቱ ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 27 እስከ መስከረም 20። እንቁጣጣሽም መስቀልም ውስጡ ይውላሉ፤ ወንዴዎቹ አብዝተው የሚጮኹት በሁለቱ በዓላት መካከል ባሉት ቀናት ስለሆነ ከቤተሰብ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ከፍታን በተመለከተ የአዲስ አበባ ልጅነትዎ አይረዳዎትም። ሰውነት ከከፍታ ወርዶ ሲቀመጥ ልምዱን በሳምንታት ውስጥ ያጣል። ኤልክ በሴፕቴምበር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከ2,700 እስከ 3,300 ሜትር ላይ ነው። አንድ ሌሊት ዴንቨር በ1,600 ሜትር፣ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በ2,400 ሜትር ገደማ ባለ ከተማ ይደሩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የእንቅልፍ እጦት ከመጡ ወደ ላይ አይቀጥሉ። ዕረፍት ላይ ሆነው ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ሚዛን ከሳቱ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ይውረዱ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ የልብ ምርመራ በሩጫ ማሽን ላይ እንዲደረግልዎትም ይጠይቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በምላጭ ፍላጻና በቢላ መካከል ነው የሚውለው። ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ኪሱ ውስጥ ይኑር እንጂ ድንኳን ውስጥ አይቅር።

ጥያቄ፦ የ49 ዓመት ሴት ነኝ። ከ40 ያርድ ዒላማው ላይ ጥሩ እመታለሁ። የሚያስጨንቀኝ እንስሳውን አቁስዬ መልቀቅ ነው። ከምን ያህል ርቀት፣ የት ልምታ? ከተመታ በኋላስ?

መልስ፦ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው፣ አይተዉት። ዒላማ ላይ የሚመታው የተሟሟቀ ክንድ ነው፤ ጫካ ውስጥ ያለዎት የቀኑ የመጀመሪያ ፍላጻ ብቻ ነው። ስለዚህ ራስዎን በእሱ ይመዝኑ። ለ10 ቀናት በየማለዳው ጃኬትዎን ለብሰው፣ ሳይሟሟቁ፣ አንድ ፍላጻ ብቻ ይልቀቁ። አሥሩም 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሳህን ውስጥ ያረፉበት ርቀት የእርስዎ ወሰን ነው። ለአብዛኛው ጀማሪ ከ25 እስከ 30 ያርድ ይሆናል፣ ከዚያም በላይ አይሂዱ።

ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ሳንባው ሰፊ ስለሆነ ዒላማው እሱ ነው። እንስሳው ጎኑን ሙሉ ሲሰጥ ከፊት እግሩ ኋላ ያለውን እጥፋት ተከትለው ቀጥ ብለው ይውጡ፤ ከደረቱ ቁመት ከታች አንድ ሦስተኛው ላይ ያቁሙ። ፊቱን ትንሽ ወደዚያ አዙሮ ከቆመ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ያለውን የፊት እግር እያሰቡ ያነጣጥሩ፤ ፍላጻው ሰያፍ ገብቶ ሁለቱንም ሳንባ ያገኛል። ወደ እርስዎ ዞሮ ወይም አዝምሞ ከቆመ አይልቀቁ፤ የወርቹ አጥንት ያግደዋል። ቀስቱን የሚስቡት የእንስሳው ጭንቅላት ከዛፍ ጀርባ ሲገባ ነው። ቁልቁል ወይም ሽቅብ ሲሆን በርቀት መለኪያው ላይ የሚታየውን አግድም ርቀት ይጠቀሙ።

ብዙ ኤልክ የሚጠፋው ከተመታ በኋላ ባለው ችኮላ ነው። ከቦታዎ አይነሡ፤ የቆመበትንና ለመጨረሻ ጊዜ ያዩበትን ዛፍ በዓይንዎ ይያዙ፣ ጆሮዎን ያቁሙ። ከዚያ በዝግታ ሄደው ፍላጻውን ያንብቡ። አረፋ ያለው ቀላ ያለ ደም የሳንባ ነው፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ጥቁር ቀይ ደም የጉበት ነው፣ ቢያንስ 4 ሰዓት። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ጨጓራ ወይም አንጀት ተመትቷል፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሞቃት ቀን ይህን ያህል መጠበቅ ለሥጋው ያሳስባል፤ ነገር ግን ቶሎ የተከተሉት የቆሰለ ኤልክ ተነሥቶ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል፣ ደሙም ይቆማል። ባገኙት የመጨረሻ የደም ጠብታ ላይ የወረቀት ምልክት እያሰሩ ወደፊት ይሂዱ፣ ዱካው ላይ ግን አይርገጡ።

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን፣ 58 እና 61 ዓመት። በእግር መሄድ እንችላለን፣ ነገር ግን ቪዲዮ ላይ እንደምናየው ሙሉ ቀን ተራራ ለተራራ መሮጥ አንችልም። እንዴት እናድን? ከገደልንስ እንዴት እናወጣዋለን?

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ እንጀምር፤ የመጀመሪያውን የሚወስነው እሱ ነውና። ከአጥንት የተለየ የአንድ ወንዴ ሥጋ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይሆናል። አንዱ ታፋ ከነአጥንቱ ብቻ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። በእናንተ ዕድሜ በአንድ ሸክም ከ20 ኪሎ በላይ እንዳትይዙ እንመክራለን። ስለዚህ 4 ወይም 5 ሸክም ነው፤ አንዳችሁ ሁለቴ፣ ሌላው ሦስቴ። መኪናው 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ ሦስቴ የሚመላለሰው 9 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ግማሹን ከሸክም ጋር። 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ ግን 30 ይሆናል፣ ሥጋውም መንገድ ላይ ይበላሻል። ስለዚህ ከመኪናው 1.5 ኪሎ ሜትር እንዳታልፉ፤ ደግሞም የምታድኑበት ቦታ ከመኪናው በላይ እንጂ በታች አይሁን። ሸክም ቁልቁል ሲወርድ ጉልበት ይፈትናል፣ በሁለት ምርኩዝ ይቻላል። ከገደል ሥር ሽቅብ ማውጣት ግን ልብን ይፈትናል። ከዚያ ርቃችሁ ልትገቡ ካሰባችሁ በፈረስ የሚያወጣ፣ በግዛቱ የተመዘገበ ሰው ከወቅቱ በፊት አነጋግራችሁ ዋጋውን ጨርሱ።

አሁን ወደ አደኑ። መሮጥ አያስፈልጋችሁም፤ መቀመጥ ይበቃል። ኤልክ ሌሊት ሜዳ ላይ ይግጣል፣ ማለዳ ፀሐይ ወደማታገኘው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ውኃ ፍለጋ ይወጣል። በሴፕቴምበር ወንዴዎች የሚንከባለሉበት ጭቃማ ጉድጓድ አለ፤ ውኃው የደፈረሰ፣ ዳሩ ላይ አዲስ ኮቴና ፀጉር ያለበት ከሆነ ከ20 እስከ 25 ያርድ ርቃችሁ፣ ጀርባችሁን ለዛፍ ሰጥታችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ተቀመጡ። ዛፍ ላይ የሚሰቀል መቀመጫ ከተጠቀማችሁ ከመሬት ከተነሣችሁበት ቅጽበት ጀምሮ የደኅንነት ቀበቶ ይታሰር።

ሁሉንም የሚያበላሸው ነፋስ ነው። ተራራ ላይ ማለዳ የቀዘቀዘ አየር ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ቁልቁለቱን ስታሞቀው ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፣ ሲመሽ እንደገና ይወርዳል። ማለዳ ከኤልኩ በታች፣ እኩለ ቀን ከበላዩ መሆን ይገባል። አየሩ በሚገለበጥበት ሰዓት አትንቀሳቀሱ። ዱቄት እየተፋ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ትንሽ ጠርሙስ ጥቂት ዶላር ነው፤ ከማንኛውም ሽታ ከሚያጠፋ ልብስ ይልቅ ይረዳል።

ሥጋውን በተመለከተ፣ በግ ገፎ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቃል፤ ልዩነቱ መስቀያ አለመኖሩ ነው። ሆድ ሳይከፈት መበለት ይቻላል። በጎኑ አስተኝታችሁ ቆዳውን ከጀርባው መስመር ወደ ሆድ ግፈፉ። ወርቹን አንሥታችሁ ቁረጡት፣ ከጎድኑ ጋር የሚያያይዘው አጥንት የለም። ታፋውን ከዳሌው መገጣጠሚያ፣ ከዚያ ሽንጡንና የአንገቱን ሥጋ አውጡ። ገልብጣችሁ ድገሙት፤ ፊሌቶውን በመጨረሻ ከኋለኛው ጎድን በታች በእጅ ታወጡታላችሁ። ሁለት ጀማሪዎች ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እያንዳንዱን አየር በሚያስገባ የሥጋ ከረጢት ከትታችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉ። መጀመሪያ የሚሸተው ታፋው ውስጥ አጥንቱ ዙሪያ ያለው ነው፤ ቀኑ ከሞቀ እስከ አጥንቱ ክፈቱት።

ፈቃዱ ላይ ያለውን ታግ እንስሳው እንደወደቀ ወዲያውኑ ነጥላችሁ ፈርሙ፣ ቀን ጻፉ። ጾታውን የሚያሳየው የሰውነት ክፍል ከሥጋው ጋር ሳይቆረጥ መቆየት አለበት፤ ብዙ ጀማሪ የሚቀጣው በዚህ ነው። አራቱን እግሮች፣ ሽንጥና ፊሌቶ ጥሎ መሄድም ወንጀል ነው።

ተስፋችሁን ልክ ለመስጠት ያህል፣ በኮሎራዶ በቀስት ኤልክ ለማደን ከሚወጡት በአንድ ወቅት የሚሳካለት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ኤልክንና ሙስን እንዴት እንለያለን? ትንሽ ቀንድ ያለውን ወንዴ መምታትስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ ሙስ ሌላው የአጋዘን ወገን ነው፤ መልኩ ጥቁር ቡናማ፣ አፍንጫው ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ከጉሮሮው ሥር ጺም የመሰለ ቆዳ ያለው። ኤልክ መቀመጫው ላይ ገረጣ ያለ ቢጫማ ክብ አለው፣ አንገቱ ከገላው ይጠቁራል። በብዙዎቹ ቀጠናዎች ወንዴው ቢያንስ በአንዱ ቀንድ 4 ቅርንጫፍ ወይም ከግንባሩ በላይ 5 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም ቅርንጫፍ ሊኖረው ይገባል። ቅርንጫፉን መቁጠር ካልቻሉ አይልቀቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በቀስት ያደነውን አምጥቶ «ክትፎ ሥሪልኝ» ይላል። ጥሬውን መብላት ይቻላል? ሳይታረድ የሞተ ስለሆነስ ብክት አይባልም?

መልስ፦ ጥሬውንም ለብለቡንም አይሥሩ። እዚህ ላይ አንለሳለስም። ፍላጻ አንጀት ነክቶ ከሆነ፣ ወይም ሲበለት ቆዳውና ሥጋው ተነካክተው ከሆነ ኢ-ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ፍሪዘር አይገድለውም። የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። በተጨማሪም በኮሎራዶ ኤልኮች ላይ አንጎልን የሚያጠቃ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል በሽታ አለ። ወደ ሰው መተላለፉ አልታየም፣ ሆኖም የታመመውን እንስሳ ሥጋ እንዳይበሉ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ፤ ምግብ ማብሰልም አያጠፋውም። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጭንቅላቱን ተቀብሎ ይመረምራል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን በፍሪዘር ያቆዩት፣ አንጎልና ሰረሰር አይንኩ።

የኤልክ ሥጋ ጮማ የለውም፣ ስለዚህ ለቋንጣ የሚመች ነው። ሞራውን ግን ገፈው ይጣሉት፤ ሲበርድ እንደ ሰም አፍ ላይ ይጋገራል፣ ወጡንም ያበላሻል። ለጥብስ ሽንጡን፣ ለወጥ አንገቱንና ወርቹን በቂ ቅቤ ጨምረው በቀስታ ያብስሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የእኛ አይደለም፣ ግን የምናውቀውን እንንገርዎት። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ነው፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከሚበሉት ወገን ይሆናል። ሳይታረድ መሞቱን በተመለከተ ኦርቶዶክስ ከሆኑ አደኑ ከመጀመሩ በፊት የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ፍሪዘሩ ከሞላ በኋላ መጠየቅ ይከብዳል። ሙስሊም አንባቢዎቻችን ፍላጻው ሲለቀቅ የአላህ ስም ከተጠራና ስለቱ ወግቶ ከገደለ እንደሚፈቀድ፣ በሕይወት ከተደረሰበት ግን መታረድ እንዳለበት ያውቃሉ። በሁለቱም እምነት ላለ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ የቆሰለ ወንዴ ጋ ቢላ ይዞ አይጠጉ። ቀንዱም ሰኮናውም ይገድላል፤ ከሩቅ ሁለተኛ ፍላጻ ይልቀቁ።